መልስ፦ ድሮ ሰፈሬ ሄጄ የት ልረፍ?
እህቴ፣ «ድሮ የኖርኩበት ሰፈር ሄጄ ሳምንት ላርፍ ነው፤ ጎረቤቶቼ ጋ ልግባ ወይስ ትንሽ ቤት ልከራይ?» ላልሽው፣ እኔ ብሆን ዓይኔን ሳላሽ እከራያለሁ። ሰው ቤት ካረፍሽ እንግዳ ነሽ። እንደልብ ተኝቶ መዋል የለም።

እኔ ከዓመታት በኋላ ስመለስ ሁለት ቀን መምጣቴን ለማንም አልተናገርኩም። በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድብ ሰማሁ፣ በቃ። በሦስተኛው ቀን የድሮ ቤቴ ደጃፍ ሄድኩ። በሩ ሌላ ቀለም ተቀብቷል። የልጄን ቁመት የለካሁበት ጭረት ግን መቃኑ ላይ፣ ከቀለሙ ሥር ይታያል። ሆዴ ባባ። ላንኳኳ ብዬ ተውኩት፤ የሰው ቤት ነዋ!

ሁሉንም ካልጠየቅኩ ብለሽም አትሩጪ። ሌላው መንገድ ላይ ያገኝሻል። ስትከራዪ ግን ፍራሹን አደራ! የእኔው ጎድጉዶ ወገቤን ይዞኝ ነበር።