ለሁለት ሰው ሽሮ የድግስ ድስት? የእንጨት ቦይለር ጥያቄዎቻችሁ

የቤት ማሞቂያ ወጪን ካነሳሁ ወዲህ አውሮፓ ቤት የገዛችሁና የምትሠሩ አንባቢዎች ስለ እንጨት ቦይለር ደጋግማችሁ ጠይቃችኋል። አገር ቤት ቦይለር ሲባል ሻወር ቤት የሚሰቀለው የመብራት ማሞቂያ ነው። እዚህ የምናወራው ግን እንጨት እየበላ የቤቱን ራዲያተሮች ወይም የወለሉን ቧንቧ ስለሚያሞቀው ነው።

ጀርመን ባየርን ውስጥ 120 ካሬ ሜትር ቤት እየሠራን ነው። ግድግዳው ወፍራም ነው፣ መስኮቱ ባለ ሦስት መስታወት። ሻጩ 20 ኪሎ ዋት ውሰዱ አለን። አይበዛም?

በጣም ይበዛል! ሙቀት የሚያፈስ አሮጌ ቤት በብርዱ ቀን ለአንድ ካሬ ሜትር 100 ዋት ያህል ይፈልጋል። የእናንተን የሚያክል አሮጌ ቤት እንኳ 12 ኪሎ ዋት ይበቃዋል ማለት ነው። ዳርምሽታት ከተማ እ.ኤ.አ. በ1991 ነዋሪ የገባበት የመጀመሪያው ፓሲቭ ሃውስ (ሙቀት እንዳያፈስ ተደርጎ የተሠራ ቤት) ያስጀመረው ደረጃ ደግሞ 10 ዋት ገደማ ነው። በዚያ ሂሳብ 1.2 ኪሎ ዋት በቂ ነው። የፀጉር ማድረቂያ ያህል እኮ ነው! የእናንተ ቤት ከሁለቱ መሀል ይውላል። በ40 ዋት ብናስበው እንኳ 5 ኪሎ ዋት አይሞላም፣ ያውም በክረምቱ ክፉ ቀን።

ችግሩ በእጅ እንጨት የሚጨመርባቸው ቦይለሮች አብዛኞቹ ከ15 ኪሎ ዋት ገደማ መጀመራቸው ነው። እሳት ደግሞ እንደ መብራት ማብሪያ አይታዘዝም። አየር ነፍገህ ላሳንሰው ስትል አይነድም፣ ይጨሳል። ጭሱ ጭስ ማውጫው ውስጥ ሬንጅ የመሰለ ጥቀርሻ ሆኖ ይጋገራል፤ ያ ጥቀርሻ አንድ ቀን ራሱ እሳት ይይዛል። ስለዚህ ብር ከመክፈላችሁ በፊት መሐንዲሱን የቤቱን የሙቀት ፍላጎት በቁጥር አስልቶ እንዲሰጣችሁ ጠይቁት። ሻጭ "ለማንኛውም ትልቁን ያዙ" ማለት ይወዳል።

ቦይለሩ ጎን የሚቆመው ትልቅ የውሃ ታንከር የግድ ነው? ቦታ የለንም።

ለፍልጥ እንጨት አዎ፣ የግድ ነው። እንጨቱ አንዴ በደንብ ይነዳል፣ ሙቀቱ ታንከሩ ውስጥ ይቀመጣል፣ ቤቱ ቀስ እያለ ይወስዳል። አንድ ሺህ ሊትር ውሃ ከ40 ወደ 80 ዲግሪ ሲሞቅ 46 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይይዛል። 3 ኪሎ ዋት ለሚበቃው ቤት ይህ 15 ሰዓት ነው። ማታ አንድደህ እስከ ነገ ቀትር ትረሳዋለህ። የጀርመን ሕግም በእጅ ለሚጫን ቦይለር ቢያንስ በኪሎ ዋት 55 ሊትር ይላል። ለ20 ኪሎ ዋት 1,100 ሊትር፣ ትልቅ ሮቶ ማለት ነው።

ቦታ ከሌለ ፔሌት የሚበላውን እዩት። ፔሌት ማለት ደርቆ የተጨመቀ የእንጨት ብናኝ ነው። ማሽኑ ራሱ ይጎርሳል፣ እሳቱንም ወደ ሲሶ ገደማ ዝቅ ማድረግ ይችላል። ሁለት ኪሎው የአንድ ሊትር የማሞቂያ ናፍጣ ያህል ሙቀት ይሰጣል። ለከረጢቱ ግን ማከማቻ ያስፈልጋል፣ ያለ መብራትም አይሠራም።

ስዊድን ነኝ። አዲሱ ቤቴ ትንሽና ሙቀት ቆጣቢ ነው። ሳሎን ተቀምጦ ውሃም የሚያሞቅ ምድጃ አይሻለኝም?

እህቴ፣ ለአንቺ ዓይነት ትንሽና ሙቀት ቆጣቢ ቤት እኔም የምመርጠው እሱን ነው። ሁለት ነገር ብቻ አጣሪ። አንደኛ፣ ከሙቀቱ ስንቱ ወደ ውሃው፣ ስንቱ ወደ ክፍሉ ይሄዳል? አብዛኛው ወደ ውሃ ካልሄደ ሳሎኑ ሳውና ይሆናል፤ ቡና አፍልተሽ እንግዳ ስትጠሪ ሰው ሸሚዙን ያወልቃል።

ሁለተኛው ዋናው ነው። አዲስ ቤት አየር አያስገባም፣ እሳት ደግሞ አየር ይፈልጋል። ምድጃው አየሩን በራሱ ቧንቧ ከውጭ የሚስብ ይሁን። አለበለዚያ የወጥ ቤቱ ጭስ መሳቢያ ሲበራ የምድጃውን ጭስ ወደ ቤት መልሶ ይጎትተዋል። የከሰል ጭስ የተኙ ሰዎችን አፍኖ ገደለ የሚለውን ዜና እየሰማን አድገናል። ያው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፣ ሽታ የለውም። ማስጠንቀቂያ መሣሪያው ርካሽ ነው፣ ስቀይው። ከመግዛትሽ በፊትም የጭስ ማውጫ ጠራጊውን ጥሪና አማክሪው።

አዲስ የተቆረጠ እንጨት በርካሽ አገኘሁ። ልግዛ?

ለዘንድሮ ከሆነ አትግዛ። ግማሹ ውሃ ነው። ደረቁ በኪሎ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ሲሰጥ እርጥቡ 2 ያህል ነው። ለሚቀጥለው ዓመት ከሆነ ፍለጠው፣ ከላይ ሸፍነው፣ ጎኑን ለነፋስ ተወው። ለመለካት እንደገና ፍለጥና የውስጡን ፊት ለካ፤ ከ20 በመቶ በታች ሲሆን ዝግጁ ነው።

ደብረ ብርሃን ቤት እያሠራሁ ነው፣ ብርዱን ታውቀዋለህ። አንድ ትንሽ ቦይለር ወደ አገር ቤት በምልከው ኮንቴይነር ውስጥ ላስገባ?

ጋሼ፣ ይቅርብዎ። መብራት ሲጠፋ ውሃውን የሚያዞረው ፓምፕ ይቆማል። እሳቱ ግን አይቆምም። ለዚህ ሲባል ቦይለሩ ላይ ውሃው 95 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ አሳልፎ የሚያበርድ የደህንነት ቫልቭ ይገጠማል። መብራቱ በጠፋበት ሰዓት የቧንቧውም ውሃ ከሌለስ? እኔ ልተኛ አልችልም።

ደግሞ ደብረ ብርሃን ሌሊቱ ቢከፋም ቀኑ ፀሐይ ነው። ለገላ ውሃ ጣሪያ ላይ የሚቀመጥ የፀሐይ ማሞቂያ ያስገጥሙ፣ ቧንቧውን ከውርጭ ይሸፍኑት። ሙቀቱ የሚያመልጠው በቆርቆሮው ነውና ከኮርኒሱ በላይ ወፍራም መሸፈኛ ያስነጥፉ፣ የበሩንም ክፍተት ይድፈኑ። ኮንቴይነሩ ላይ ቦታ ካለዎት ባለ ሁለት መስታወት መስኮት ይጫኑበት።