በረዶ በሌለበት ኩላንት ምን ያደርጋል?

ጥያቄ፦ ከድሬዳዋ ሐረር ሚኒባስ እነዳለሁ። ደንገጎ ዳገት ላይ ሞተሩ ይሞቃል። እስካሁን የምጨምረው የቧንቧ ውሃ ነው። ኩላንት አድርግ ይሉኛል፤ ሱቅ ስሄድ አረንጓዴም ቀይም አለ። የቱን ልግዛ? ቴርሞስታቱንስ (ሞተሩ ሲሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተር የሚለቀውን በር) ላውጣው? (የከዚራ አንባቢ)

መልስ፦ ኩላንት ከውሃ ጋር የሚቀላቀል የራዲያተር ፈሳሽ ነው፤ በብርድ አገር ውሃው በረዶ እንዳይሆን ይከላከላል፣ እርስዎ ግን በረዶውን ይርሱት። እዚህ ኩላንት የሚፈለገው ዝገት እንዲከላከልና ፈሳሹ ቶሎ እንዳይፈላ ነው። የድሬዳዋ ውሃ ካልሲየም ይበዛበታል፤ ማንቆርቆሪያ ላይ የሚጋገረው ነጭ ነገር በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎችም ይጋገራል፤ ያኔ ሙቀት አይወጣም።

ቀለም አይመኑ፣ ማቅለሚያ ብቻ ነው። የመኪናው መመሪያ የሚጠይቀውን ዓይነት ከኩላንቱ ዕቃ ጽሑፍ ላይ ያመሳክሩ። የድሮው ዓይነት በየ2 ዓመቱ ይቀየራል፤ በኦርጋኒክ አሲድ የሚሠራው አዲሱ ዓይነት (OAT) ግን እስከ 5 ዓመት ይቆያል። ሁለቱን አይቀላቅሉ፤ የዝገት መከላከያው ይዳከማል፣ አንዳንዴም ይረጋል። «50/50» ከተባለ ተበርዞ የመጣ ነውና ውሃ አይጨመርበትም።

ያልተበረዘውን ከገዙ ለዚህ አየር 40 በመቶ ይበቃል። ሙቀት የሚሸከመው ይበልጡን ውሃው ስለሆነ ማብዛት ይጎዳል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የድሮውን ፈሳሽ ከታች አፍስሰው በተጣራ ውሃ እስኪጠራ ይጠቡት። የተጣራ ውሃ ማለት ለባትሪ የሚጨመረው ነው፤ ሲገዙ አሲድ እንዳይሰጡዎት ይጠንቀቁ። ከእጥበቱ የተረፈ ውሃ ሞተሩ ውስጥ ስለሚቀር፣ ጠቅላላ መጠኑ 8 ሊትር ከሆነ መጀመሪያ 3.2 ሊትር ኩላንት ጨምረው ቀሪውን በተጣራ ውሃ ይሙሉ። የካቢን ማሞቂያውን ሙሉ ከፍተው ሞተሩን ያስነሱ፤ ቴርሞስታቱ ሲከፍት አየር ወጥቶ ፈሳሹ ይወርዳል። አጥፍተው፣ ቀዝቅዞ ሲያዩት የጎደለውን ይሙሉ።

የራዲያተሩን ክዳንም ይመልከቱ። ውሃ ድሬዳዋ ላይ በ96 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ሐረር ደግሞ በ94። 1 ባር ግፊት የሚይዝ ደህና ክዳን ድሬዳዋ ላይ ወደ 118 ያደርሰዋል። የክዳኑ ማሸጊያ ጎማ ከተሰነጠቀ ይህ ሁሉ ይጠፋል፤ ከኩላንቱ በፊት የሚቀየረው ክዳኑ ነው።

ቴርሞስታቱን አያውጡ። በብዙ ሞተሮች ውሃው ወደ ሞተር በአቋራጭ የሚመለስበትን መንገድ የሚዘጋው እሱ ስለሆነ፣ ከወጣ ከፊሉ ውሃ ራዲያተር ሳይደርስ ተመልሶ ሞተር ውስጥ ይዞራል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ከሞቀ ማራገቢያውን ያስፈትሹ፤ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ካላቋረጠ ደግሞ ችግሩ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና ብሎክ መካከል ያለው ማሸጊያ) ነው፣ ኩላንት አያድነውም።

ጥያቄ፦ የወጣውን አሮጌ ኩላንት የት ልድፋው? (ከሐረር)

መልስ፦ ቦይ ውስጥ በፍጹም። ኩላንት ውስጥ ያለው ኤቲሊን ግላይኮል ይጣፍጣል፤ ፍየልም ውሻም ይልሰዋል፣ ኩላሊት ይገድላል። በተከደነ ጀሪካን ምልክት አድርገው ከልጆች ያርቁና ያገለገለ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ይጠይቁ፤ ከዘይት ጋር ግን አይቀላቅሉ።