እምቢ ማለት ስንት ያስከፍላችኋል?

ውድ ልጆቼ፣

«በዚህ ዘመን ሰው እውነት ነፃ ነው ወይስ ነፃ የሆነ ይመስለዋል?» ትላላችሁ። አንዳንዶቻችሁ መልሱን ይዛችሁ ነው የምትጠይቁት፤ ሁሉም ነገር በአልጎሪዝም፣ በአለቃ፣ በቤተሰብና በገንዘብ አስቀድሞ ያለቀ ነው ባዮች ናችሁ። ሌሎቻችሁ ደግሞ «ማንም አላዘዘኝም፣ ደስ ያለኝን እያደረግሁ ነው» ትላላችሁ። እኔ ጥያቄውን «አለ ወይስ የለም» ከሚለው አንስቼ «ምን ያህል ነው» ወደሚለው ባወርደው እመርጣለሁ። ነፃነት እንደ ደም ግፊት የሚለካ ነገር ነው እንጂ እንደ እርግዝና ወይ ኖሮ ወይ የሌለ አይደለም። መለኪያዋም ቀላል ናት፤ እምቢ ብትሉ ምን ታጣላችሁ? ሥራውን፣ ውሉን፣ ጓደኛችሁን ወይም ስልካችሁን እምቢ ማለት ከአቅማችሁ በላይ የሚያስከፍል ከሆነ «ወድጄ ነው እሺ ያልሁት» ማለት ትችሉ ይሆናል፤ እውነት መሆኑን ግን ራሳችሁም ማረጋገጥ አትችሉም።

ፍልስፍናውን ቶሎ እንለፈው። ፈላስፋው ስፒኖዛ በ1674 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው) በጻፈው ደብዳቤ፣ የተወረወረ ድንጋይ አየር ላይ እያለ ማሰብ ቢጀምር በገዛ ፈቃዱ የሚሄድ ይመስለው ነበር ይላል፤ መሻቱን ያውቃልና፣ መሻቱን ያመጣበትን ግን አያውቅም። ከ300 ዓመት በኋላ፣ በ1983፣ የአንጎል ተመራማሪው ቤንጃሚን ሊቤት ነገሩን ወደ ላቦራቶሪ አስገባው። ሰዎቹ ደስ ባላቸው ቅጽበት የእጃቸውን አንጓ እንዲያንቀሳቅሱ ተነገራቸው። ፊት ለፊታቸው በ2.56 ሰከንድ አንድ ዙር የምትጨርስ ነጥብ ያለባት ሰዓት ተቀምጣለች፤ «አሁን ላንቀሳቅስ» የሚለው ስሜት ሲመጣባቸው ነጥቧ የት እንደነበረች ይናገራሉ። ስሜቱ ከእንቅስቃሴው 200 ሚሊሰከንድ ገደማ ቀድሞ መጣ። ጭንቅላታቸው ላይ የተለጠፉት ሽቦዎች ግን የአንጎሉን ዝግጅት ከእንቅስቃሴው 550 ሚሊሰከንድ ገደማ ቀድመው አንብበውታል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆምና «በቃ፣ ነፃ ፈቃድ የሚባል የለም» ይላል። የቀረውን ግን አላነበበም። ሊቤት ራሱ በዚያች በቀረችው ጊዜ ውስጥ ሰው ድርጊቱን መሰረዝ እንደሚችል ያምን ነበር። በ2012 ደግሞ አሮን ሹርገርና ባልደረቦቹ ያ ቀዳሚ ምልክት ቀድሞ የተላለፈ ውሳኔ ሳይሆን የአንጎል ተራ መዋዠቅ ተጠራቅሞ ጣራ ሲነካ የሚታይ ነገር ሊሆን እንደሚችል አሳዩ። ደግሞስ አንጓ ማንቀሳቀስና ሥራ መልቀቅ መቼ አንድ ሆነና። እኔ ከክርክሩ የማተርፈው ይህን ብቻ ነው፦ መሻት ሳንጠራው ይመጣል፣ በመሻቱና በድርጊቱ መካከል ግን ክፍተት አለ። ክፍተቷን የሚያጠብ አለ፣ የሚያሰፋም አለ።

ክፍተቷን በማጥበብ የሚተዳደር ትልቅ ኢንዱስትሪ ኪሳችሁ ውስጥ ነው። መተግበሪያውን «በነፃ» ታወርዳላችሁ። (በአማርኛችን «ነፃ» ያልታሰረም ነው፣ ዋጋ የማይከፈልበትም ነው፣ ከክስ የተሰናበተም ነው፤ ሦስቱን አታምታቱ።) ገጹን በአውራ ጣታችሁ ወደ ታች ስትስቡ የሚሆነውን ቀስ ብላችሁ እዩ። ትንሿ ክብ ትሽከረከራለች፤ ከዚያ አንዳንዴ አዲስ ነገር ይመጣል፣ አንዳንዴ አይመጣም። መንጠቆው ያለው «አንዳንዴ» ላይ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ስኪነር በርግቦችና በአይጦች ላይ ባደረገው ምርምር ሽልማቱ በማይገመት ተራ ሲመጣ እንስሳው ሳይታክት ይጫናል፤ ሽልማቱ ከተቋረጠ በኋላም ቶሎ አይተውም። ሁልጊዜ የሚያገኝ ቢሆን ኖሮ ሲያጣ ወዲያው ያቆም ነበር። በዚህ ላይ በ2006 የድረ ገጽ ነዳፊው አዛ ራስኪን የነደፈውና በኋላ በይፋ የተጸጸተበት ማለቂያ የሌለው ገጽ ተጨመረ። ድሮ ገጽ ያልቅ ነበር፤ ያ ማለቂያ «ይበቃኛል ወይስ ልቀጥል?» የምትሉበት ቦታ ነበር። ቦታውን ሲያነሱት ጥያቄውም አብሮ ተነሣ። በቀን 3 ሰዓት ማለት በዓመት 1,095 ሰዓት ነው፤ 45 ቀን ከነሌሊቱ።

ሁለተኛው መንገድ ከዚህ ይበልጥ ዝምተኛ ነው፤ ምንም ባትሉ ምን እንዳላችሁ ተደርጎ እንደሚቆጠር ሌላ ሰው አስቀድሞ ይወስናል። ጆንሰንና ጎልድስታይን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ ከሞት በኋላ የአካል ክፍል ለመለገስ ፈቃደኛ ተብሎ የተቆጠረው ሰው በጀርመን 12 በመቶ፣ በኦስትሪያ 99.98 በመቶ ነበር። ጎረቤታሞች ናቸው፣ ቋንቋቸውም አንድ ነው። ልዩነቱ በጀርመን ፈቃደኛ የሆነ መናገር ሲኖርበት፣ በኦስትሪያ የማይፈልግ መናገር የነበረበት መሆኑ ነው። ኦስትሪያዊውም ጀርመናዊውም «የራሴ ምርጫ ነው» ሊል ይችላል። አብዛኛው ግን ቅጹን እንኳ አላየውም። ድረ ገጽ ስትከፍቱ የሚመጣባችሁን የፈቃድ መስኮት አስቡ፤ «ሁሉንም ተቀበል» በደማቅ ቀለም፣ እምቢ ማለቱ ደግሞ በግራጫ ፊደል፣ ሦስት ገጽ ወደ ውስጥ ተገብቶ።

እንግዲህ ሥራው ይህ ነው። አንድ ሰዓት መድቡና ስልካችሁ ላይ ሌላ ሰው የወሰነላችሁን አስተካክሉ። ከሰው የሚመጣ ጥሪና መልእክት ብቻ ድምፅ ይኑረው፤ የሌላው ሁሉ ማሳወቂያ ይጥፋ። ቪዲዮ በራሱ እንዳይቀጥል አድርጉ። ያላችሁበትን ቦታ ማወቅ የሚፈልግ መተግበሪያ ስትጠቀሙበት ብቻ እንዲያውቅ ፍቀዱ። በጣም የሚስባችሁን ከመጀመሪያው ገጽ አንስታችሁ በስሙ ፈልጋችሁ የምትከፍቱት አድርጉት፤ ስሙን እስክትጽፉ የሚያልፈው 4 ወይም 5 ሰከንድ ያችን ክፍተት ይመልሳታል። ቻርጀሩ ከመኝታ ቤት ይውጣ፤ ለመቀስቀሻ ሌላ ሰዓት ግዙ። ይህን ካላደረጋችሁ ሌላው ሁሉ በሁለት ሳምንት ይፈርሳል፣ የደከመ ሰው አይከራከርምና።

ብዙዎቻችሁ የምትሳሳቱት በአንድ ቀን ሁሉንም በመደምሰስ ነው። በሳምንቱ መልሳችሁ ትጭኑትና «የፈቃድ ጽናት የለኝም» ብላችሁ ራሳችሁን ትወቅሳላችሁ። የተበላሸው ሌላ ነው፤ የተለቀቀውን ሰዓት በምንም አልሞላችሁትም፣ ምን እንዳመለጣችሁ ማወቂያም አላስቀራችሁም። በቀን ሁለት የታወቀ ሰዓት፣ እያንዳንዱ 20 ደቂቃ፣ ክፍት ይሁን። ከዚያ ውጭ እጃችሁ ወደ ስልኩ ሲሄድ የሚያገኘው ሌላ ነገር፣ መጽሐፍም ይሁን የጀመራችሁት ሥራ፣ እዚያው ቦታ ይቀመጥ።

ከስልክ ይልቅ የሚያስረው ግን ገንዘብ ነው፤ ወጣት ደግሞ ይህን ዘግይቶ ነው የሚያውቀው። አለቃችሁ ሕሊናችሁ የማይቀበለውን ወረቀት ፈርሙ ቢላችሁ ስንት ወር ያለ ደመወዝ መኖር ትችላላችሁ? ያጠራቀማችሁትን ለወር የግድ ለሚያስፈልጋችሁ ወጪ አካፍሉት፤ የሚወጣው ቁጥር የእምቢታችሁ ዕድሜ ነው። ከገቢው 10 በመቶ አስቀምጦ 90 የሚያጠፋ ሰው የአንድ ወር ወጪ ለማጠራቀም 9 ወር ይፈጅበታል፤ የስድስት ወር ለመያዝ 54 ወር። 20 በመቶ የሚያስቀምጥ የስድስት ወሩን በ24 ወር ይይዛል፣ 30 በመቶ የሚያስቀምጥ በ14 ወር። ፍጥነቱ እንዲህ የሚጨምረው ቁጠባው ሲያድግ ወጪውም ስለሚያንስ ነው፤ በሁለት በኩል ትጠቀማላችሁ። የሚያበላሸው ደግሞ ደመወዝ በጨመረ ቁጥር ኑሮን አብሮ ማሳደግ ነው። ገቢው እጥፍ ሆኖ ወጪውም እጥፍ የሆነበት ሰው የሚያጣው ስለበዛ ከበፊቱ ይበልጥ ፈሪ ይሆናል። ገንዘቡን ከዕለት ወጪው ጋር በአንድ ሂሳብ ማስቀመጥም ሌላው ጥፋት ነው። የሚታይ ገንዘብ ይጠፋል፣ ይባስ ብሎም ሰው ይበደረዋል።

ውል ከመፈረማችሁ በፊት አራት ነገር ፈልጉ፦ የሚቆይበትን ጊዜ፣ አስቀድሞ መውጫ መኖሩን፣ ሳትናገሩ በራሱ የሚታደስ መሆኑን፣ ብታቋርጡ የሚጣልባችሁን ቅጣት። ዋጋውን ሁሉም ያነባል። መውጫውን የሚያነብ ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ይሉኝታ እንምጣ። «እሺ ይበልጣል ከሺህ» እየተባልን ስላደግን ለእሺታ ልምድ አለን፣ ለእምቢታ ግን ልምምድ የለንም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሰለሞን አሽ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ያደረገው ሙከራ እዚህ ላይ ይረዳናል። አንድ መስመር ይታያል፤ ከሦስት መስመሮች የትኛው እኩሉ እንደሆነ ጮክ ብሎ መናገር ነው፣ ሕፃን የማይስተው ጥያቄ። ብቻውን የተጠየቀ ሰው ከመቶ አንድ ጊዜ እንኳ አይሳሳትም። ከእሱ በፊት የተቀመጡት፣ አስቀድመው የተዘጋጁት ሰዎች ሁሉ አንድ ዓይነት የተሳሳተ መልስ ሲሰጡ ግን ከመልሶቹ ሲሶ የሚሆነው ብዙኃኑን ተከትሎ ተሳሳተ። አንድ ሰው ብቻ ከተዘጋጁት ወጥቶ እውነቱን ሲናገር ስህተቱ ወደ ቀድሞው ሩብ ወረደ። ሌላው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ስታንሊ ሚልግራምም ተመሳሳይ ነገር አይቷል። ከ40 ሰዎች 26ቱ ታዝዘው ሰው ላይ እስከ 450 ቮልት የሚያደርስ (ሐሰተኛ) ማብሪያ ተጫኑ፤ ሁለት ባልደረቦች ፊታቸው እምቢ ብለው ሲነሡ ግን ከ40ው እስከ መጨረሻ የሄዱት 4 ብቻ ነበሩ።

ብቻችሁን ጀግና ልትሆኑ አትሞክሩ። ከባድ ስብሰባ ወይም የቤተሰብ ጉባኤ ከመግባታችሁ በፊት አንድ ሰው ፈልጉና «ይህ ነገር ከተነሣ እንዲህ እላለሁ፣ አንተስ?» በሉት። ቀድሞ መነጋገር ነው ጥቅሙ፤ እዚያው ክፍል ውስጥ ዓይን ለዓይን መፈላለግ አይሠራም።

ስትመልሱም ወዲያው አትመልሱ። «ነገ እስከ ቀትር ልመልስልህ» በቂ ነው፣ ሰዓቱንም አክብሩ። እምቢ ስትሉ ምክንያት አትደርድሩ፤ እያንዳንዱ ምክንያት ለድርድር የተከፈተ በር ነው። «ጊዜ የለኝም» ካላችሁ «መቼ ይመችሃል?» ይመጣል። «ይቅርታ፣ ይህን አልችልም» ብላችሁ ዝም በሉ፤ ዝምታው ጥቂት ሰከንድ ይከብዳል፣ አትሙሉት። ከሁሉ የከፋው «እስኪ እሞክራለሁ» ነው። ጠያቂው እንደ እሺታ ይሰማዋል፣ እናንተ እምቢ ብላችሁ ትሄዳላችሁ፣ በኋላ ሁለታችሁም ትጣላላችሁ።

ስለ ፍላጎት አንድ ነገር ልጨምር። ፈላስፋው ሃሪ ፍራንክፈርት በ1971 እንዳስረዳው፣ መሻት አለ፣ መሻቱን መሻትም አለ። ሲጋራውን የሚፈልግ፣ መፈለጉን ግን የማይፈልግ ሰው አለ፤ የዚህን ሰው እስራት ከውጭ ማየት አይቻልም። መግዛት ወይም መሆን የፈለጋችሁትን ጻፉትና 72 ሰዓት አሳድሩት፤ ከዚያ «ማንም የማያየው ቢሆን እፈልገው ነበር?» በሉ።

ይህ ሁሉ በእጃችሁ ስላለው ነው። የውጭው አጥር ሌላ ነገር ነው፣ በቁጠባና በማሳወቂያ ማጥፋት አይፈርስም። «ነፃነት በውስጥህ ነው» የሚለው ምክር ለታሳሪው መጽናኛ ሊሆን ይችላል፤ ለአሳሪው ግን ከዚያ ይበልጥ ይመቸዋል። ፈላስፋው አይዛያ በርሊን በ1958 በኦክስፎርድ ባደረገው ንግግር ሌላ ሰው ጣልቃ አለመግባቱንና የራስ ጌታ መሆንን ለይቶ ካስቀመጠ በኋላ ሁለተኛው እንዴት እንደሚጣመም አስጠንቅቋል፤ «እውነተኛ ማንነትህን ከአንተ ይልቅ አውቀዋለሁ» የሚል ሰው በነፃነት ስም ያስገድዳችኋል። ስለዚህ ሕጉንም እወቁ። በ1966 በተባበሩት መንግሥታት የጸደቀው ዓለም አቀፍ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን በአንቀጽ 18 የሐሳብ፣ የሕሊናና የሃይማኖት ነፃነትን ያስቀምጣል። በአንቀጽ 11 ደግሞ ማንም ሰው የውል ግዴታውን መፈጸም ስላልቻለ ብቻ እንዳይታሰር ይከለክላል። ሁለቱም በአስቸኳይ ጊዜ እንኳ ሊታገዱ ከማይችሉት መካከል ናቸው። አበዳሪ «አሳስርሃለሁ» ሲላችሁ ይህን ማወቅ ቢያንስ ድምፃችሁን ያረጋጋዋል።

ዛሬ ማታ ወረቀት አውጡና በዚህ ሳምንት «እሺ» ያላችሁባቸውን አምስት ነገሮች ጻፉ። ከእያንዳንዱ ጎን እምቢ ብትሉ ምን ታጡ እንደነበር በአንድ መስመር አስፍሩ፤ ገንዘብ ከሆነ በቁጥር፣ ሰው ከሆነ በስሙ። የምትጽፉት ነገር የጠፋችሁ መስመር ላይ ስትደርሱ እርሳሱን አስቀምጡና፣ ጊዜው ሳያልፍ፣ ለጠየቃችሁ ሰው ደውሉለት።