ከተማ ስገባ ፍሬሙ ለምን ይወርዳል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የሚባለውን የኦንላይን ጌም እጫወታለሁ። የግራፊክስ ካርዴ አርቲኤክስ 3060፣ ፕሮሰሰሬ ራይዘን 5 2600፣ ሞኒተሬ 1080ፒ ነው። ሜዳ ላይ ብቻዬን ስሆን በሰከንድ ከ100 ፍሬም (ምስል) በላይ አገኛለሁ። ጌሙ ውስጥ ያለው ዶርኖጋል ከተማ ስገባ ግን 40 ይደርሳል፤ 20 ሆነን ሬይድ (የቡድን ውጊያ) ስንገባማ ከዚያም ይብሳል። ጓደኞቼ «ካርድህ አርጅቷል፣ ቀይረው» ይሉኛል። ልቀይረው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ተው አትቀይረው። 3060 በ2021 የወጣ መካከለኛ ካርድ ነው፤ 12 ጊጋባይት ሜሞሪ አለው። ይህን ጌም በ1080ፒ ለማጫወት አያንስም። ሜዳ ላይ የምታገኘው ፍሬም ራሱ ይመሰክርለታል።

እኔን ከማመን ራስህ ሞክረው። ከተማው ውስጥ ሰው የሚበዛበት ቦታ ቁም። ኮንትሮልና አርን አንድ ላይ ስትጫን የፍሬም ቁጥሩ ይመጣልሃል። ከዚያ ግራፊክስ ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ሬንደር ስኬልን (ምስሉ የሚሳልበትን ጥራት) ከ100 ወደ 50 በመቶ አውርደው። ምስሉ ይደበዝዛል፤ ካርዱ የሚስለው የነጥብ ብዛት ሩብ ሆኗላ። አሁን ቁጥሩን እይ። ሥራው ይህን ያህል ቀሎለት ፍሬሙ እዚያው 40 ላይ ከቀረ፣ ካርዱ ፕሮሰሰሩን እየጠበቀ ነው። ቁጥሩ ሽቅብ ከዘለለ ግን ጓደኞችህ ልክ ናቸው። እኔ እንደማይዘል ነው የምጠብቀው።

ጌሙ በ2004 የወጣ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል፤ ዳይሬክትኤክስ 12 (ጌሙ ከካርዱ ጋር የሚነጋገርበት ሶፍትዌር) ሲመጣም ሥራው በተለያዩ የፕሮሰሰሩ ኮሮች (የሥራ ክፍሎች) ላይ መከፋፈል ጀምሯል። ቢሆንም ትልቁ ሸክም አሁንም አንድ ኮር ላይ ይወድቃል። በአጠገብህ የሚያልፈው ተጫዋች ሁሉ የት እንዳለ፣ ምን እንደለበሰ፣ ምን አስማት እንደወረወረ መታወቅ አለበት። ሬይድ ውስጥ ደግሞ አዶኖች (ተጫዋቹ ጌሙ ላይ የሚጨምራቸው ትንንሽ ፕሮግራሞች) አሉ። እነሱንም የሚያሠራው ያው ፕሮሰሰር ነው። ሰው ይህን ሳያጣራ ለካርድ ገንዘብ ሲያወጣ ከልቤ ይቆጨኛል። አዲሱ ካርድ ተገጥሞ ከተማው ውስጥ ያው 40 ይጠብቀዋል።

መጀመሪያ ገንዘብ የማያስወጣውን ሞክር። አዶኖችህን በሙሉ አጥፍተህ አንድ ሬይድ ግባና ልዩነቱን እይ፤ ከዚያ የግድ የሚያስፈልጉህን ብቻ መልስ። ጌሙ ለሬይድ ለብቻው የሚስተካከል ሴቲንግ አለው። እዚያ ቪው ዲስታንስን፣ ሻዶውንና የአስማት ብልጭታውን ዝቅ አድርግ፤ ሜዳ ላይ ያለው ውበት አይነካም። ራምህም አንድ ብቻ ከሆነ ሁለት አድርገው፣ ባዮስ (የኮምፒውተሩ መነሻ ሴቲንግ) ውስጥ ኤክስኤምፒ (ራሙን በሙሉ ፍጥነቱ የሚያሠራው) መብራቱንም አረጋግጥ።

ይህ ሁሉ ካልበቃህ ፕሮሰሰሩን ቀይር። የማዘርቦርድህ የፕሮሰሰር መሰኪያ ኤኤም4 ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነገር መቀየር አያስፈልግም። ራይዘን 5 5600 ጥሩ ለውጥ ያመጣል። አቅም ካለህ ግን ምርጫዬ ራይዘን 7 5700ኤክስ3ዲ ነው። ያንተው 2600 ያለው ኤል3 ካሽ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ፈጣን ሜሞሪ) 16 ሜጋባይት ነው፤ የዚህኛው 96 ነው። ይህ ጌም ደግሞ ካሽ በጣም ይወዳል። ከመግዛትህ በፊት የማዘርቦርድህ አምራች ገጽ ላይ ፕሮሰሰሩ መደገፉን እይ። ባዮሱን የምታሻሽለውም አሮጌው ፕሮሰሰር ገና ቦታው ላይ ሳለ ነው፤ አዲሱን ከገጠምክ በኋላ ከሆነ ኮምፒውተሩ ላይነሳልህ ይችላል።