ዱቄቱን ማን ፈጨው?

ልጆቼ፣

ከእናንተ አንዷ፣ በሙያዋ ነርስ የሆነች፣ እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦ «ልጅ ሳለሁ ግጥም እጽፍ ነበር። ሰንበት ትምህርት ቤት ገብቼ ማገልገል ስጀምር ዓለማዊ መስሎኝ ተውኩት። አሁን ሌሊት ተረኛ ስሆን ቃል ይመጣብኛል። ልመለስበት ወይስ ፈተና ነው?»

ፈተና አይደለም። በዘጸአት ምዕራፍ 31 እግዚአብሔር ባስልኤልን በመንፈሱ የሞላው ወርቅና ብር እንዲሠራ፣ ድንጋይ እንዲቀርጽ፣ እንጨት እንዲጠርብ ነው። ይህን አባቶች አስፍተው ስለሚያስተምሩ አልገፋበትም። ጥያቄው ግን አንድ የቅኔ ተማሪ አስታወሰኝ፤ የእሱን ነገር ሳልነግራችሁ ማለፍ አልቻልኩም።

ልጁ ጎጃም ውስጥ ቅኔ ቤት ነበር። ግሱን አጥንቶ፣ እርባታውን ዘልቆ ጉባኤ ቃና ላይ ደርሷል። ጉባኤ ቃና የመጀመሪያው የቅኔ ዓይነት ነው፤ 2 ቤት፣ ማለት 2 ስንኝ ብቻ አለው። ከዚያ ዘአምላኪየ በ3፣ ዋዜማ በ5፣ ሥላሴ በ6 እያለ መወድስ 8 ቤት ይደርሳል። ቀን በአኩፋዳው ቁራሽ ለምኖ ይመለሳል፤ ሲመሽ ደበሎውን ተከናንቦ ከቅጥሩ ጥግ ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለት በልቡ ያዘጋጃል። ወረቀት የለም፣ ሁሉም በልብ ነው። አንድ ቀን የኔታ ፊት ቆሞ የነገረው ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ነበር፦

ስንዴ ክርስቶስ በመቃብር እርሻ ቢዘራ ዓርብ ማታ፣
ርኃብተኛው አዳም እሑድ ሲነጋጋ አጭዶ ጾም ፈታ።

መሠረቱ ዮሐንስ 12፥24 ነው፦ የስንዴ ቅንጣት በምድር ወድቃ ካልሞተች ብቻዋን ትቀራለች። ሰሙ፣ ማለት ላይ ላዩን የሚሰማው ትርጉም፣ ስንዴ፣ እርሻ፣ ርኃብተኛ፣ አጨዳ ነው። ወርቁ፣ ውስጥ ያለው ምሥጢር፣ ደግሞ ክርስቶስ፣ መቃብር፣ አዳም፣ ትንሣኤ። ጓደኞቹ አደነቁለት። የኔታ ግን ጥቂት ዝም ብለው «ዱቄቱን ማን ፈጨው?» አሉት።

ልጁ ደነገጠ። የታጨደ ስንዴ ገና ይወቃል፣ ይበጠራል፣ ይፈጫል፣ ይቦካል፣ ይጋገራል። አጭዶ ወዲያው ጾም የፈታ ሰው ምን በላ? ሰሙ እዚያ ላይ ተሰብሯል። የኔታ «አጭዶ» የሚለውን አንስተው «በእሸት» አደረጉት፦ «እሑድ ሲነጋጋ በእሸት ጾም ፈታ።» እሸት ወፍጮ አይጠብቅም፤ ተቀጥፎ፣ ታሽቶ ይበላል። ደግሞም እሸት የአዝመራው መጀመሪያ ነው፤ ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 15፥20 ክርስቶስን ላንቀላፉት በኵራት ይለዋል። አንድ ቃል ሲታረም ሰሙም ዳነ፣ ወርቁም ጠለቀ። አንዱ ተማሪ «በፋሲካ ወራት የስንዴ እሸት ከየት ይመጣል?» ብሎ ተከራከረ። «ያለ ወራቱ መድረሱ ነው ወርቁ» አሉት።

ያ ልጅ ርኃብተኛውን አዳም ያገኘው ከመጽሐፍ አልነበረም፤ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ነው። ኋላ ከተማ ገብቶ ሥራ ያዘ፣ ቅኔውንም ተወ። «ዛሬ ምን ቆጠርክ?» ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩትም፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ የዕለቱን ምንባብ ወይም በዓል ያዙና ምሥጢሩን፣ ማለት ወርቁን፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ለይታችሁ አስቀምጡ። ሰም ቀድሞ ያማራቸው ሰዎች ኋላ ወርቁን በግድ ያጣብቁታል፤ ያስታውቃል። ቀጥሎ ሰሙን በእጃችሁ ከምታውቁት ሥራ ፈልጉ። ልብስ ሰፊ ከመርፌና ከክር፣ ሾፌር ከመንገድና ከፍሬን። 4 ወይም 5 የሰምና የወርቅ ጥንድ ካላገኛችሁ ያ ሰም አይበቃም፤ ሌላ ፈልጉ። በእርሻ የጀመረ ሰም በሁለተኛው ቤት መርከብ ላይ መውጣት የለበትም፤ ጀማሪ ሁሉ የሚወድቀው እዚህ ነው። ቤት መምታቱን የመጨረሻ አድርጉት። በእሱ ከጀመራችሁ ቃሉ ወደማታውቁት ቦታ ይጎትታችኋል። ግእዝ የማታውቁ በአማርኛ ቁጠሩ።

አትጻፉ፣ በልባችሁ ቁጠሩ። ሲያልቅ ለሚያርም ሰው ንገሩ። ዛሬ ወጣቱ ያልታረመ ግጥም በስልኩ ይለቅና መቶ ሰው «አሜን» ሲለው የጨረሰ ይመስለዋል። አንድም «ዱቄቱን ማን ፈጨው?» የሚል አያገኝም። ወይም ደግሞ የሌላውን ዝማሬ ሲያጋራ ይውላል። ቅኔ ቤት እኮ ትናንት የተሰማ ቅኔ ዛሬ አይደገምም፤ ለምስጋናው በየቀኑ አዲስ ይፈለግለታል። እርግጥ፣ አትጻፉ ብያለሁ፤ ግን ደብተር ያዙ። የዚያ ልጅ ቅኔ አንዱ ብቻ መቅረቱን ሳስብ ምክሬን እጠራጠራለሁ።

ሴት ልጅ ምን አገባት የሚልሽ ካለ፣ ዓይነ ሥውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በጎጃም ጉባኤ ዘርግተው ወንዶቹን ቅኔ ያስተማሩ መምህርት መሆናቸውን ንገሪው።

አንቺማ ሰሙ እጅሽ ላይ ነው። ደም መለገስን ውሰጂ። ለጋሹ ክርስቶስ፣ ታማሚው አዳም፣ መርፌው የጎኑ ጦር፣ ከረጢቱ ጽዋ፣ ኦ ኔጋቲቩ ለሁሉ የሚሆነው ደም። አምስት ጥንድ ሞላ። ግን አንድ ቦታ ይሰበራል፤ ለጋሽ 450 ሚሊ ሊትር ያህል ሰጥቶ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ በእግሩ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ክርስቶስ ግን በመስቀል ላይ ሁሉንም ሰጠ። እንደ እሸቱ ስብራቱን ወደ ወርቅ የሚመልስ አንድ ቃል ይኖራል። በሚቀጥለው የሌሊት ተራሽ ቁጠሪውና ንገሪኝ።