መልስ፦ ከተረፈ ነጠላ ለአራስ ስጦታ ምን ልስፋ?

እህቴ፣ ጓደኛሽን አራስ ልትጠይቂ ስትሄጂ ከዚያ ከተረፈሽ ነጠላ የሕፃን መጠቅለያ ስፊላት። ግን ሳታጥቢው መቀስ እንዳታሳርፊበት! ሸማ ሲታጠብ ይሰበሰባል። እኔ ለእህቴ ልጅ ሳላጥብ የሰፋሁት ገና በመጀመሪያው እጥበት ጥጉ ተጣሞ ቀረ፤ እስካሁን ይሳቅብኛል።

አድርቀሽ ከተኮስሽው በኋላ 80 በ80 ሴንቲሜትር አድርገሽ ቁረጪ። ሽመናው ሳሳ ያለ ስለሆነ የተቆረጠው ጠርዝ ቶሎ ይተረተራል፤ 1 ሴንቲሜትር ያህል ሁለቴ አጥፈሽ በቀጭን መርፌ ዘምዝሚው። የስፌት መኪና ካለሽም ይሆናል፣ ብቻ ጨርቁን አትሳቢው። ጥለቱን ቆርጠሽ እንዳትጥዪው፤ በአንድ በኩል ሲቀር እሱ ራሱ ጌጥ ነው። የሕፃኗን ስም የመጀመሪያ ፊደል በጥግ በኩል ብትጠልፊበት ያምራል። ዶቃና ቁልፍ ግን ይቅርብሽ፣ ሕፃን ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ነው የሚከተው።