መርሳቱ ማንን ይጠብቃል?

ውድ ወጣት ደራስያን፣

ብዙዎቻችሁ የምትልኩልኝ የመጀመሪያ ልብወለድ ስለ ቤተሰብ ነው። የማይወራ ነገር ያለበት ቤት፣ ወንድምና እህት የማይስማሙበት አንድ ሌሊት። ደስ ይለኛል፤ ከዚህ የበለጠ ርዕስ አላውቅም። ግን በአርታኢነት ዘመኔ ሁሉ አንድ ችግር ደጋግሜ አይቻለሁ። ዛሬ ስለ እሱ ላውራችሁ።

ተራኪያችሁ አንባቢን እንዲያሳስት ስትፈልጉ ውሸታም ታደርጉታላችሁ። እውነቱን እያወቀ ይደብቅና መጨረሻው ምዕራፍ ላይ ያፈነዳዋል። አንባቢው ተታለልኩ ይላል፤ አልፈርድበትም። አሜሪካዊው የሥነ ጽሑፍ ሐያሲ ዌይን ቡዝ እ.ኤ.አ. በ1961 «የማይታመን ተራኪ» የሚለውን ስያሜ ሲያስተዋውቅ ያሰበው ዋሾውን ብቻ አልነበረም። ሳያውቅ የሚሳሳተውም አለበት። ለቤተሰብ ታሪክ የሚያስፈልጋችሁ ይሄኛው ነው።

ሰው ከልቡ እያመነ ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. በ1986 የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ቻሌንጀር በፈነዳች ማግስት የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኡልሪክ ናይሰር ተማሪዎችን ዜናውን የትና ከማን እንደሰሙ አስጻፈ። ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ እንደገና ሲጠየቁ፣ ከ44ቱ 11ዱ በአንዱም ዋና ነጥብ ከራሳቸው ጽሑፍ ጋር አልገጠሙም። ብዙዎቹ ግን ስለ ትዝታቸው እርግጠኞች ነበሩ። የገዛ እጅ ጽሑፋቸውን ሲያዩ እንኳ የድሮው ትዝታ አልተመለሰላቸውም።

እ.ኤ.አ. በ1995 የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኤልሳቤጥ ሎፍተስ እና ዣክሊን ፒክሬል ያሳተሙት ሙከራ ደግሞ ወደ እናንተ ቤት ይበልጥ ይቀርባል። ለ24 ሰዎች ከዘመዶቻቸው የተገኙ እውነተኛ የልጅነት ታሪኮች ተሰጧቸው፤ መሐሉ ላይ ሕፃን ሳሉ የገበያ ማዕከል ውስጥ እንደጠፉ የሚናገር የፈጠራ ታሪክ ነበር። በኋላ ሲጠየቁ 6ቱ ያልሆነውን ነገር በሙሉ ወይም በከፊል አስታወሱ። ታሪኩ የቀረበላቸው ከቤተሰብ እንደመጣ ሆኖ ነው። እኔን የሚያስደነግጠኝ ይህ ነው።

እንግዲህ ተራኪያችሁ ሲሳሳት ስህተቱ ለአንድ ሰው መከታ ይሁን። አንዲት ሴት ያን ሌሊት አባቷ መንገድ ላይ እንደነበር ታስታውሳለች እንበል። ሁሉም እንደዚያ ሲሉ ነው ያደገችው። ቤት ከነበረ የእናቷን ጩኸት ሰምቶ አልተነሳም ማለት ነው፤ ይህን ደግሞ ልትሸከመው አትችልም። እንደምትሸሽ ግን አትንገሩን። ሌላ ምዕራፍ ላይ ስለዚያው ሌሊት ስታወራ በር አጠገብ የነበሩትን የአባቷን እርጥብ ጫማዎች ጠቅሳ ትለፍ። እሷ ልብ አትበል። አንባቢው ይበቃዋል።

ወንድሟስ? እሱ በትክክል ያስታውሳል። ብዙ ጀማሪዎች ይህን ሰው እውነት ተናጋሪ ጀግና አድርገው ያመጡታል፤ እኔ ግን ዝም ቢል እመርጣለሁ። ቢናገር እናቱን ያሳፍራል፣ እህቱን ያፈርሳል፣ «የቤተሰብ ገመና አወጣ» ይባላል። ዝም ሲል ደግሞ እህቱ ትዝታዋን በተረከች ቁጥር ምስክር ሆኖ ይቀመጣል። ታማኝነት ምን ያህል እንደሚያስከፍል እሱ ላይ ነው የሚታየው። ሠላሳ ገጽ ብትሰጡት አይበዛበትም።

የዚያን ሌሊት ሰዓትና የማን የት መሆን ለብቻው ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አስቀምጡ። ገጸ ባሕርያቱ ይሳሳቱ እንጂ እናንተ አትሳሳቱ።

ከራሳችሁ ቤተሰብ ተነስታችሁ የምትጽፉ ከሆነ ዘመዶቻችሁን ለየብቻ ጠይቁ። ያሉትን እንዳሉት ጻፉ፤ ቢጋጭም አታስታርቁት። አንድ ላይ ሰብስባችሁ ከጠየቃችሁ ታላቅየው የተናገረውን ሌሎቹ ይደግሙታል፤ የምትፈልጉት ልዩነትም እዚያው ይጠፋባችኋል።